ንግድ ባንክን ከፍተኛ ሊግ ላይ ማን አየው?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ምናልባት እናንተም ዘንድ ደርሶ ይሆናል። የከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ እርከን) እና ከዚያ በታች ያሉ ጨዋታዎችን ለማየት ወደ ትንንሽ ሜዳዎች መሄድ ለምን ከንቱ እንደሆነ ያስረዳል። በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ኳስ እንደሚያውቁም ያስታውቃል። ብዙ ሰው የተቀባበለው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን በአብዛኛው አልስማማም። የማልስማማበትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የእሳቸውን ሐሳብ በትክክል ላስቀምጥ። የታች ሊግ ኳስ ደረጃው ዝቅተኛ ስለሆነ የዓለም ምርጥ ተጫዋቾችን በስክሪን ማየት ይሻላል ይላሉ። ሜዳዎቹ ለተመልካች ታስበው አልተሠሩም፤ ጥላ የለም፣ መጸዳጃ የለም ይላሉ። ጸጥታው አያስተማምንም ባይ ናቸው። ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ ስለሚካሄድ «የእኔ ሜዳ፣ የእኔ ቡድን» የሚባል ስሜት የለም ይላሉ። ከሜዳ ሜዳ መዞር ከአውሮፓ የተቀዳ ፋሽን ነው ይላሉ። በመጨረሻም ጥቂት ሰው ሄዶ ቢያይ ለአገሪቱ እግር ኳስ የሚለወጥ ነገር የለም ብለው ይዘጋሉ።

ከደረጃው ልጀምር። የክርክሩ ዋና ምሰሶ እሱ ነው።

ደረጃው ዝቅ ይላል? አዎ፣ ይላል። ኳስ ይጠለዛል። ሦስት አራት ቅብብል ሳይሞላ ከመስመር ይወጣል። ፊት ለፊት የተገኘ አጥቂ በረኛው ላይ ይመታል። ይህን መካድ አልፈልግም። ነገር ግን ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው እዚያ የሚጫወቱትን ቡድኖች ማወቅ ለማንም አይጠቅምም ወደሚል መደምደሚያ ይሄዳሉ። እዚህ ላይ የቅርብ ጊዜ ታሪካችን አይደግፋቸውም።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2015 ዓ.ም. የከፍተኛ ሊግ ቡድን ነበር። በ2016 ፕሪሚየር ሊግ ገባ። በዚያው በገባበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ። አንድ ጊዜ የሆነ አጋጣሚ ነው እንዳይባል ደግሞ ቀጥሎ የመጣውን እንይ። በ2017 ሻምፒዮን የሆነው ኢትዮጵያ መድን ነው። መድን ከከፍተኛ ሊግ ያለፈው በ2014 ነበር። ሁለት ተከታታይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮኖች፣ ዋንጫውን ከማንሳታቸው ጥቂት ዓመት በፊት፣ ጸሐፊው አትዩት በሚሉት ሊግ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ቡድኖቹ ላይ ሲወጡ ተጫዋች ጨምረዋል ሊሉኝ ይችላሉ። ይጨምራሉ። ወደ ላይ የሚወጣ ቡድን ሁሉ ያጠናክራል። ይሁንና በ2015 ባንክን ሜዳ ሄዶ ያየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ሕዝብ በድንገት የተደነቀበትን ቡድን ቀድሞ ያውቀው ነበር። ያ ሰው ጊዜውን አባከነ ማለት ይከብደኛል።

ጸሐፊው የእንግሊዝን ኳስ ስለሚወዱ ከዚያው ምሳሌ ልጨምር። ሌስተር ሲቲ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ዋንጫ ሲያነሳ አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ያልጨፈረ አልነበረም። የአርሰናልም የማንችስተርም ደጋፊ ለጄሚ ቫርዲ አጨብጭቧል። ቫርዲ ከዚያ ስድስት ዓመት በፊት ስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ ለሚባል ትንሽ ክለብ ይጫወት ነበር። ክለቡ ከፕሮፌሽናል ሊጎች በብዙ እርከን በታች ነው። ልጁም ፋብሪካ ይሠራ ነበር። አብሮት ዋንጫ ያነሳው ንጎሎ ካንቴ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ገና በፈረንሳይ ሦስተኛ እርከን ቡሎኝ ውስጥ ነበር። ከዚያ በአምስት ዓመት የዓለም ዋንጫን አነሳ። ስክሪን ላይ ያየናቸው ተጫዋቾች ቀድሞ አንድ ትንሽ ሜዳ ዳር የቆሙ ጥቂት ሰዎች አይተዋቸዋል።

ግን ነገ ኮከብ የሚሆነውን ቀድሞ ማየት ብቻ አይደለም ነገሩ። በስክሪን የማይታይ ነገር አለ። ካሜራ ኳሱን ይከተላል። ኳሱ ግራ መስመር ላይ ሲሆን የቀኝ ተከላካዩ ምን እያደረገ እንደሆነ አታይም። አሰልጣኙ ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ ለአማካዩ ምን እንደጮኸ አትሰማም። ትንሽ ሜዳ ላይ ግን መስመሩ ጋ ልትቆም ትችላለህ። በረኛው «ውጡ! ውጡ!» ሲል አራቱ ተከላካዮች እኩል ይራመዳሉ። ወይም አንዱ ዘግይቶ ይቀራል። ጎሉ የገባው በእሱ በኩል እንደሆነ በዓይንህ ታያለህ። ስህተቱ ጎሉ ከመግባቱ በፊት ሲፈጠር ትመለከተዋለህ። በቴሌቪዥን የምናየው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻውን ነው፤ ሲደገም ደግሞ ያንኑ መጨረሻ ያሳዩናል።

ደረጃው ዝቅ ማለቱ ራሱ ያስተምራል። ሊቨርፑል ወይም ማንችስተር ሲቲ ሲጫወት የመጀመሪያው ንክኪ ሁልጊዜ ጥሩ ስለሆነ አናስተውለውም። ከፍተኛ ሊግ ላይ አንዱ ተጫዋች ኳሱን በአንድ ንክኪ አብርዶ ዞሮ ሲያቀብል ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። አጠገብህ ያለው ሰውም ያየዋል፤ «ይሄ ልጅ ማነው?» ይላል። ያ ጥያቄ ሜዳ ዳር ከሚነሱት ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። ዝናው ቀድሞ ስላልነገረህ በራስህ ዓይን መፍረድ ይኖርብሃል።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር መባል አለበት። ጸሐፊው ምርጫውን «ወይ ይሄ፣ ወይ ያ» አድርገው ነው ያቀረቡት። የታች ሊግ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ጠዋት ወይም 8 ሰዓት አካባቢ ይጀምራሉ። የእንግሊዝ የቅዳሜ ዋና ጨዋታዎች ደግሞ በእኛ 11 ወይም 12 ሰዓት ናቸው። ከ8 ሰዓቱ ጨዋታ ወጥቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ጥሩ ቦታ መያዝ ይቻላል። ብዙዎቻችን የምናደርገው እንደዚያ ነው።

ይህን ሰዓት ካነሳን ደግሞ ጸሐፊው ያልጠቀሱት ትልቅ ነገር አለ። እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን የምናያቸውን እነዚያን የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታዎች እንግሊዝ ውስጥ ያለ ሰው በቴሌቪዥኑ በቀጥታ አያያቸውም። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚያ ሰዓት የቀጥታ ስርጭት እንዳይኖር ተደርጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ትልቁን ጨዋታ እያየ የሠፈሩን ትንሽ ክለብ ሜዳ ባዶ እንዳያስቀር ነው። ጸሐፊው የሚያደንቁት ሊግ ባለቤቶች ራሳቸው ትንሹ ሜዳ መጠበቅ አለበት ብለው ሥርዓት አበጅተዋል። የእኛ ትንንሽ ሜዳዎች ግን ያ ጥበቃ የላቸውም። ያላቸው በራሱ ፈቃድ የሚሄድ ተመልካች ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ይኸው «ደረጃው ዝቅ ያለ ነው» የሚል ክርክር በሴቶች ኳስ ላይም ዘወትር ይመጣል። የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2016 ክረምት እዚሁ አዲስ አበባ የተካሄደውን የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ዞን ማጣሪያ አሸንፎ ለአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አልፏል። የሴቶቹን የሊግ ጨዋታ በጥቂት ተመልካች ፊት ሲጫወቱ ያየ ሰው የአፍሪካ መድረክ የደረሰ ቡድን በቅርብ አይቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሜዳዎቹ ሁኔታ ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው በአብዛኛው ልክ ናቸው። መጸዳጃ የሌለው ወይም ያለው የማይገባበት ሜዳ ብዙ ነው። በተለይ ለሴት ተመልካች ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ጊዜ መጥታ ሁለተኛ እንዳትመለስ የሚያደርጋት እሱ ነው። በዝናብ ጊዜ መጠለያ የለም። አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ የተዘጋጀባቸው ሜዳዎች ጥቂት ናቸው። ይህ ሁሉ መጻፍ አለበት፤ ጸሐፊው ስለጻፉት አመሰግናቸዋለሁ።

የማልቀበለው ችግሩን የትንንሽ ሜዳዎች ብቻ አድርገው ማቅረባቸውን ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ለዓመታት የሜዳውን ጨዋታ ውጭ አገር ሲያደርግ የቆየው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ትልልቆቹን ስታዲየሞቻችንን ስላልፈቀደ ነው። በ1954 ዓ.ም. ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል ሆኖ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳነው አዲስ አበባ ነበር። በሰኔ 2014፣ ልክ ከ60 ዓመት በኋላ፣ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው በወረቀት የሜዳችን ነበር፤ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው። ያን ድል በአገሩ ስታዲየም ተቀምጦ ያየ ኢትዮጵያዊ የለም። እንግዲህ በመቀመጫና በመጸዳጃ መለኪያ ከሄድን ትልቁም ትንሹም ሜዳ ሊቀር ነው።

ደግሞም ሰው ለምቾት ብሎ ስታዲየም የገባበትን ዘመን አላስታውስም። ካታንጋን አስቡ። ሚስማር ተራን አስቡ። ካምቦሎጆ (አዲስ አበባ ስታዲየም) ውስጥ ዝናቡም ፀሐዩም የሚወርድባቸው ቦታዎች ነበሩ። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ሲኖር ደጋፊው ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ይዞ፣ ቆሎውን በኪሱ አድርጎ እዚያው ይገባ ነበር። ከላይ ክዳን ያለው ጥላ ፎቅ ብቻ ነበር፤ ድምፁ ከተማውን ያናወጠው ግን ከሌላው በኩል የሚወጣው ነበር። ይህን የምለው መጥፎ ሜዳ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። መጸዳጃ ይሠራ፣ ጥላ ይሠራ። እስኪሠራ ድረስ ግን ተመልካች አይሂድ ከተባለ የሚሠራበት ምክንያት ከየት ይመጣል? ተመልካች የሌለው ሜዳ ላይ ለተመልካች ጥላ የሚያቆም ከንቲባ አላየሁም።

ጸጥታን በተመለከተ ቀልድ የለም። በ2010 ዓ.ም. ወልድያና መቀሌ ከተማ ሊጫወቱ በነበረበት ጊዜ ወልድያ ላይ የተነሳው ግጭት ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። ኳስ የሌላ ቁጣ መውጫ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አይተናል። ነገር ግን ያ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ነበር። የሚካሄደውም በጊዜው በአገሪቱ አዲስና ዘመናዊ ከሚባሉት ስታዲየሞች በአንዱ ነበር። የሜዳው ማነስ ወይም የሊጉ ዝቅ ማለት ያመጣው ነገር አይደለም። ግጭት የሚመጣው ብዙ ሕዝብ፣ ብዙ ስሜትና የቆየ ቂም ሲገናኙ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ከሩቅ የመጡ ሁለት ቡድኖች በሌላ ሰው ከተማ ሲጫወቱ ይህ ሁሉ እምብዛም አይኖርም።

እርግጥ ትንንሽ ሜዳዎች ላይ ፖሊስም አምቡላንስም ሊያንስ ይችላል። ዳኛ ላይ የሚወርደው ስድብም ያሳፍራል፤ አጥር በሌለበት ሜዳ ዳኛው በጣም ቅርብ ነው። ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው። ውጥረት ያለበት ጨዋታ ከሆነ አትሂዱ። ከተማውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከሁለቱም ቡድን ደጋፊ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ መካሄዱን በሚመለከት ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ጀምሮ፣ የቴሌቪዥን ስርጭቱ ሲመጣ፣ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ይካሄዳል። ከፍተኛ ሊጉም በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። አንድ ክለብ የውድድር ዓመቱን ሙሉ በገዛ ከተማው ሕዝብ ፊት ሳይጫወት ሊጨርስ ይችላል። የዚያ ከተማ ልጅ የሠፈሩን አጥቂ የሚያየው በስልክ ፎቶ ነው። ይህ ይቆረቁረኛል። ክለቦቹ ከሜዳ መግቢያ የሚያገኙት ገንዘብ ቀርቷል፤ ደጋፊ የሚያፈሩበት መንገድም ጠቧል። ወደ ቤትና ከቤት ውጪ ጨዋታ መመለስ አለብን ባይ ነኝ።

ነገር ግን ይህ አሠራር ለክለቡ የጎዳውን ያህል ለተመልካች ጎዳ ማለት አይቻልም። አንድ ከተማ ሄደህ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ ሁለት ሦስት ጨዋታ ታያለህ። ጠዋት ከደቡብ የመጣ ቡድን፣ ከሰዓት ከሰሜን የመጣ ቡድን። የጨዋታ መንገዳቸው ይለያያል። አንዱ ኳስ ይዞ በአጭር ቅብብል ይመጣል፤ ሌላው ረጅም ጥሎ ተገጭቶ የሚወድቀውን ኳስ ይሻማል። ሆሳዕናም ይሁን ባቱ፣ አሰላም ይሁን ጅማ፣ የከተማው ሰው ደግሞ የማንም ደጋፊ ሳይሆን ይመጣና በ20 ደቂቃ ውስጥ ቡድን ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው እየተመራ ያለውን ነው። ከእሱ ጋር አብሮ መጮህ ስሜት የለውም የሚል ሰው ተቀምጦ ያየው አይመስለኝም።

«ከአውሮፓ የተቀዳ ፋሽን» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ሜዳ እየቆጠሩ መዞር በእንግሊዝና በጀርመን የቆየ ልማድ መሆኑ እውነት ነው። በእንግሊዝ የአራቱን ከፍተኛ እርከኖች 92 ሜዳዎች በሙሉ ያዩ ሰዎች የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ዝርዝር መያዝና ፎቶ መለጠፍ ከዚያ መጥቶ ከሆነ እቀበላለሁ። ትንሽ ሜዳ ሄዶ ኳስ ማየት ግን ከማንም አልመጣብንም። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ያሸነፈው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነበር። የፋብሪካ ቡድን ነው፤ ደጋፊውም ሠራተኛውና የሠራተኛው ቤተሰብ ነበር። አባቶቻችን የክፍለ ጦርና የፋብሪካ፣ የትምህርት ቤትና የቀበሌ ቡድን ሲያዩ አድገዋል። ጃን ሜዳ በዓመት አንዴ ጥምቀት ይከበርበታል፤ በሌላው ቀን አፈሩ ላይ ኳስ አለ። በ2012 የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ለወራት ሜዳነቱ ሲቀር የት እንጫወት ያለው ሰው ብዛት ምስክር ነው።

ውጭ ያሉት ወገኖቻችንም ይመስክሩ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል። የሚጫወቱት በየከተማው የተሰባሰቡ አማተሮች ናቸው። ሰው የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ፣ ሆቴል ይዞ፣ ልጆቹን አስከትሎ ይሄዳል። ለሙዚቃውና ለዘመድ ጥየቃውም ነው፣ አውቃለሁ። መሀሉ ላይ ያለው ግን ኳስ ነው፤ ያውም ጸሐፊው ደረጃው ዝቅ ያለ ከሚሉት የባሰ ኳስ። ይህን ሁሉ ሕዝብ በፋሽን ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

የቀረው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ጥቂት ተመልካች ምንም አይለውጥም የሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የምንሄደው እግር ኳሳችንን ለመታደግ ነው ብለው ያስባሉ። እኔ በበኩሌ የምሄደው ጨዋታ ላይ መገኘት ስለምወድ ነው። ማንንም እየረዳሁ እንደሆነ አስቤ አላውቅም። ለውጥ መጣ አልመጣ የሚለው መለኪያ ለዲኤስቲቪ ቤትም አልተጠየቀም፤ እዚያ ተቀምጠን ስናይ ለአርሰናል የለወጥነው ነገር የለም።

ቢሆንም በመለኪያቸው እንሂድ። ኦልድ ትራፎርድ 74 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። አንድ ሰው ቢቀር ማንም አያውቅም። ሁለት መቶ ሰው ባለበት ሜዳ ላይ አሥር አዲስ ሰው ቢመጣ ግን ለውዝ የሚሸጠው ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ተጫዋቹም ያውቃል። አሰልጣኙ በቀጣዩ ቀን «ትናንት ሰው ነበር» ይላል። ስለ ጨዋታው ሜዳ ላይ ያልነበረ ሰው እንዲያነብ የሚጽፉ ጥቂቶችም አሉ፤ ሶከር ኢትዮጵያን የሚከታተል ሰው የከፍተኛ ሊግ ውጤትና ዘገባ ያገኛል። አንባቢ ሲኖራቸው ይጽፋሉ፤ ሲጻፍ ደግሞ አንድ የመስመር ተከላካይ ስሙ ከከተማው ውጪ ይታወቃል። ይህ ትንሽ ነው። ከዜሮ ግን ይበልጣል፤ ጸሐፊው ያሉት ዜሮ ነው።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ጽሑፋቸው ውስጥ ስለ መጸዳጃው፣ ስለ ፖሊሱ፣ ስለ ፋሽኑ ብዙ አለ። አየሁት ያሉት አንድም የከፍተኛ ሊግ ጨዋታ ግን አልጠቀሱም፤ የአንድ ተጫዋች ስምም የለም። ፌዴሬሽኑ መርሐ ግብሩን ያወጣል። ቅርብ ያለ ከተማ ይምረጡ፤ ኮፍያና ውኃ ይያዙ። ከ8 ሰዓቱ ጨዋታ ሃያ ደቂቃ ቀድመው ይድረሱና ሁለቱ ቡድኖች ሲያሟሙቁ ይዩ። ከዚያ ማን ጥሩ እንደነበር፣ ማን እንደደከመ፣ ቀጣይ ዓመት የትኛው ቡድን እንደሚያልፍ ይጻፉልን። በዚያ ላይ ብንከራከር እኔም ብዙ የምለው አለኝ።